ሦስት ቅጂ፣ ሦስት መልእክት፤ የጀርባውን ሥራ ማን ይቀስቅሰው?

በርእሱ ላይ ያለውን ጥያቄ በአንድ የውይይት መድረክ የለጠፍኩት ሐምሌ 12 ማታ ነው። ሳምንት ሳይሞላ 31 መልስ ተደረደረበት። ክሩ (የመልሶቹ ሰንሰለት) ረጅም ነው፤ መሐሉ ላይ ናይሮቢም እስራኤልም ደርሶ ይመለሳል። ከላይ እስከ ታች ለመውረድ ጊዜ ለሌለው ሰው በራሴ አንደበት ልተርከው። የማንንም ቃል እንዳለ አላስቀምጥም፤ ሰዎቹንም በመልሳቸው ቁጥር ብቻ እጠራቸዋለሁ። ቁጥር 17 በተለይ ለዚህ ሊያመሰግነኝ ይገባል።

የምሠራበት ድርጅት አነስተኛ ብድር ይሰጣል። የመክፈያ ቀኑ የደረሰ ተበዳሪ በዚያው ዕለት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አጭር መልእክት ይደርሰዋል። ሲስተማችን አንድ ወጥ ፕሮግራም በነበረበት ጊዜ ይህን ሥራ የሚያስነሣው በአንድ ሰርቨር ላይ የተጻፈ አንድ የክሮን (በተቀጠረለት ሰዓት ሥራ የሚያስነሣ መሣሪያ) መስመር ነበር፤ አምስት ዓመት ሲሠራ ማንም ትዝ ብሎት አያውቅም። ባለፈው ጥቅምት ፕሮግራሙን ለሰባት ማይክሮሰርቪሶች፣ ማለትም ለየብቻቸው ለሚሠሩ ትናንሽ ፕሮግራሞች፣ ከፋፈልነው። ማስታወሻ የመላኩ ሥራ ለማሳወቂያ ሰርቪሱ ደረሰው። ሰርቪሱ የተጻፈው በስፕሪንግ ቡት (በጃቫ የፕሮግራም መሥሪያ ማዕቀፍ) ስለሆነ፣ ከሥራው ራስጌ ላይ ስኬጁልድ የምትባለዋን ምልክት ከነሰዓቷ ጽፈን አለፍን። ሐምሌ 11 ማታ ጭነት በረታና ሰርቪሱ በሦስት ቅጂ እንዲሠራ ተደረገ። ምልክቷ ሌላ ቅጂ መኖሩን አታውቅም፤ እያንዳንዱ ቅጂ የሚያየው የራሱን ሰዓት ነው። በማግስቱ ሦስቱም ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እኩል ነቁ፣ ሦስቱም ያንኑ የተበዳሪ ዝርዝር አነበቡ፣ ሦስቱም ላኩ።

ይህን የነገረኝ ሎግ (የሲስተሙ የክንውን መዝገብ) አይደለም፤ አክስቴ ናት። መርካቶ ያላትን የጨርቅ መደብር ለማስፋት ከእኛው ተበድራለች። ደንበኛ ፊት ክንዷን ዘርግታ ጨርቅ እየለካች ሳለ ስልኳ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ደንበኛዋ ደንግጣ መርዶ እንደሆነ ጠየቀቻት። አክስቴ አንድ ቀን እንኳ አሳልፋ የማታውቅ ከፋይ ናት፤ በሰው ፊት ሦስት ጊዜ በዕዳ መጠራቷ እንዴት እንዳንገበገባት ነግራኝ ስልኩን ዘጋችብኝ።

እንግዲህ የጠየቅኩት ይህን ነው፦ በየቀኑና በየወሩ የሚደጋገሙ የጀርባ ሥራዎችን (ሰው ሳይጠራቸው ሲስተሙ በራሱ የሚሠራቸውን) የሚቀሰቅሳቸው ማን ይሁን? እያንዳንዱ ሰርቪስ የራሱን ሰዓት ይያዝ? ለሁሉም አንድ ሰዓት ጠባቂ ሰርቪስ ይቁም? ወይስ ነገሩን ለኩበርኔቲስ (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል ጥቅል ውስጥ ለሚያስነሣውና ለሚያስተዳድረው ሲስተም) እንተወው?

ቁጥር 1 በአክብሮት ጀመረ። ስለ አክስቴ አዝኖ፣ ሦስቱን ቅጂ ወደ አንድ መልሶ ችግሩን ለጊዜው ማስታገስ እንደሚቻል መከረ። ቁጥር 2 በትሕትና አረመው። አንድ ቅጂ ተብሎ ቢጻፍም፣ ኩበርኔቲስ አዲስ ሥሪት ሲተካ በተለመደው አሠራሩ አዲሱን አቁሞ ነው አሮጌውን የሚያወርደው፤ ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም በሕይወት አሉ። ጠዋት 2 ሰዓት እዚያች ቀዳዳ ውስጥ ከወደቀች መልእክቱ ሁለት ይሆናል። እኔ ግን በዚያው ሌሊት የቁጥር 1ን ምክር ተቀብዬ ቅጂውን ወደ አንድ መልሼዋለሁ፤ ጎርፍ በር ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የሚደረገው በሩን መዝጋት ነው።

ቁጥር 3 ስፕሪንግ ለሚጠቀም ሰው መድኃኒቱ ሼድሎክ የሚባለው ላይብረሪ (ዝግጁ ኮድ) እንደሆነ ጻፈ። አሠራሩ ቀላል ነው። በዳታቤዙ ውስጥ አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ አለ፤ ሦስቱ ቅጂዎች ሲነቁ ቀድሞ ስሙን ያስመዘገበው ይሠራል፣ የቀሩት ሁለቱ ያን ዙር ይዘሉታል። ይህ ምዝገባ ቁልፍ ይባላል፤ የያዘው ቅጂ መሐል ላይ ቢሞት ቁልፉ ለዘላለም ተይዞ እንዳይቀር፣ ሎክ አት ሞስት ፎር በሚባል መለኪያ ዕድሜ ይሰጠዋል።

ቁጥር 4 ይህቺን ዕድሜ ነው የያዛት። እሱ ጋ ቁልፉ የ10 ደቂቃ ዕድሜ ተሰጥቶት ነበር። ሥራው ሲጀመር 3 ደቂቃ ይፈጅ ነበርና 10 ደቂቃ የማይደረስበት መስሎ ታያቸው። ደንበኛ በዛ፤ አንድ ቀን ሥራው 14 ደቂቃ ወሰደ። በ10ኛው ደቂቃ ቁልፉ ተፈታ፤ እነሱ ሥራውን በየ5 ደቂቃው ስለሚቀሰቅሱት ቀጣዩ ዙር በሌላ ቅጂ ላይ ገባ፤ የፊተኛው ግን ገና እየሠራ ነበር። ለአራት ደቂቃ ሁለት እረኛ አንድ መንጋ ቆጠረ። ሼድሎክ ሰዓት ጠባቂ ሳይሆን ቁልፍ ብቻ መሆኑን የላይብረሪው መመሪያ ራሱ እንደሚናገርም አከለ። ቁጥር 3 ይህን ተቀብሎ አመሰገነ። ከክሩ ሁሉ ስሕተቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያመነ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ቁጥር 5 ነገሩን ከሌላ ጎን አመጣው። ሦስት ሠራተኛ ነቅቶ ሁለቱን መልሶ ማስተኛት ለምን ያስፈልጋል ነው ነጥቡ። ሦስቱም ይንቁ፣ ግን ሥራውን እንደ ደቦ ይካፈሉት። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ከ9.5 ሥሪት ጀምሮ ፎር አፕዴት ስኪፕ ሎክድ የሚባል መንገድ አለው፤ አንዱ ቅጂ የያዘውን ረድፍ ሌላው ሳይጠብቅ ዘሎ ቀጣዩን ያነሣል። የመቶ ሰው ዝርዝር ሦስት ቦታ ተከፍሎ ያልቃል፣ ማንም ሁለት ጊዜ አይነካም። ብቻ ረድፉ የሚለቀቀው ትራንዛክሽኑ (እንደ አንድ የሚቆጠረው የዳታቤዝ ሥራ) ሲዘጋ ስለሆነ፣ ከመዘጋቱ በፊት ተልኳል የሚል ምልክት እዚያው ላይ መጻፍ አለበት፤ አለበለዚያ ሁለተኛው ቅጂ ያልተነካ መስሎት ያነሣዋል። ይህን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ቁጥር 6 እነዚህን ሁሉ ከንቱ ድካም አድርጎ ነው ያየው። ኩበርኔቲስ ክሮንጆብ የሚባል የራሱ ሰዓት ጠባቂ እያለው ሰው ለምን በኮዱ ውስጥ ሰዓት ይሸከማል? ክሮንጆብ ከ1.21 ሥሪት፣ ማለትም ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተረጋገጠ አካል ሆኗል፤ ሰዓቱ ሲደርስ አንድ ኮንቴይነር ያስነሣል፣ ኮንቴይነሩ ሠርቶ ይሞታል፣ የሰርቪሱ ቅጂ ሦስት ይሁን ሠላሳ አይገደውም። ድምፁ ትንሽ ከፍ ያለ ነበር። ቁጥር 7 ወዲያው መለሰለት፦ የኩበርኔቲስ መመሪያ ራሱ ክሮንጆብ አልፎ አልፎ ሁለት ሊያስነሣ ወይም ጨርሶ ላያስነሣ እንደሚችል ጽፎ፣ ሥራው ቢደጋገም የማይጎዳ እንዲሆን ይመክራል። መመሪያውን ሳያነቡ መምከር እንደማያምርም ጣል አደረገበት። የክሩ ሙቀት ከፍ ማለት የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ቁጥር 8 ከሁለቱ መሐል ገብቶ የራሱን ቁስል አሳየ፤ እኔ ከክሩ በጣም የወደድኩት ታሪክ ይህ ነው። የክሮንጆብ ነባሪ አሠራር የፊተኛው ሳያልቅ ቀጣዩን እንዲነሣ መፍቀድ ነው። እነሱ ይህን ፈርተው ፎርቢድ የሚለውን መረጡ፤ የፊተኛው ካላለቀ ሌላ አይነሣም። ሥራው ከአንድ ባንክ ሰርቨር ፋይል የሚያመጣ ነበር። አንድ ሌሊት ግንኙነቱ መሐል ላይ ቀጥ አለ። ኮዱ የመጠበቂያ ገደብ አልነበረውም፤ ኮንቴይነሩ አልሞተም፣ አልሠራም፣ ዝም ብሎ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። በማግስቱ ሰዓቱ ሲደርስ የፊተኛው በሕይወት ስላለ አዲስ አልተነሣም። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም እንዲሁ። የክትትል ሰሌዳው ላይ ሁሉ ነገር አረንጓዴ ነው፤ የወደቀ ሥራ የለማ! በአምስተኛው ቀን የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ወረቀት ይዛ ወርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት፦ የአራት ቀን ባዶ ዓምድ። ከዚያ ወዲህ አክቲቭ ዴድላይን ሰከንድስ የምትባለዋን መስመር ሳይጽፍ ክሮንጆብ አያቆምም፤ ሥራው ከተሰጠው ጊዜ ካለፈ ኩበርኔቲስ ራሱ ይገድለዋል።

ከ9 እስከ 12 ያሉት ወደ ሰዓት ጉዳይ ሸሹ። ቁጥር 9 አንድ የሥራ መግለጫ ላይ ሪፖርቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲወጣ ተጽፎለት ነበር። ጸሐፊው የአገሩን ሰዓት ነው የጻፈው፤ ኮድ ጻፊው ከውጭ በርቀት የሚሠራ ነበርና 8 አይቶ 8 ጻፈ። ሰርቨሩ ደግሞ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ነው የሚሄደው። የዩቲሲ 8 አዲስ አበባ ላይ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። የዓመቱ ከባድ ሪፖርት ቅርንጫፎች በሰው ተጨናንቀው ሳለ ዳታቤዙን ተቆጣጠረው፣ የገንዘብ ተቀባዮች ስክሪን ደረቀ። ቁጥር 10 ትክክለኛው መስመር 0 23 * * * (በተራ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር፣ የሳምንቱ ቀን፤ ኮከብ ማለት ሁሉም) መሆኑን አስልቶ አሳየ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በዩቲሲ የዋዜማው 23 ሰዓት ነውና። ከዚያ ጠንከር ያለ ነገር ጨመረ፦ ሥራው በፈረንጅ ወር 1ኛ ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይነሣ ቢባልስ? በዩቲሲ ያ ቀን ያለፈው ወር የመጨረሻ ቀን ነው፤ 28 ይሁን 31 እንደ ወሩ ነው፤ በተለመደው የክሮን ቋንቋ ደግሞ የወሩ የመጨረሻ ቀን የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የሰዓት ክልሉን ራሱን መስጠት ይሻላል፤ ክሮንጆብ ከ1.27 ሥሪት ወዲህ ለዚህ የተረጋገጠ ቦታ አለው።

ቁጥር 11 የአዲስ አበባን የሰዓት ክልል ሊያይ ሄዶ ተቆጥቶ ተመለሰ። በዓለም አቀፉ የሰዓት ክልል ዳታቤዝ ውስጥ አዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የሚጠቁም ተቀጽላ ስም ሆና አገኛት። ነጻነቷን ያስጠበቀች አገር ሰዓቷን ከጎረቤት ተዋሰች የሚል ረጅም ቁጣ ጻፈ። ቁጥር 12 አረጋጋው፦ ዳታቤዙ በዋናነት የሚያጣምረው ከ1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰዓታቸው አንድ የሆነ ቦታዎችን ነው፤ ሁለቱም ከዩቲሲ 3 ሰዓት ይቀድማሉ፣ ለክሮን ሥራ ልዩነት የለውም። ልዩነት የሚመጣው በጣም የቆየ ታሪካዊ ሰዓት ለሚያሰላ ሰው ነው። ቁጥር 11 አልተጽናናም።

ቁጥር 13 ቨርጂኒያ፣ ቁጥር 14 እስራኤል የሚኖሩ ናቸው፤ ሁለቱም እኛ አገር የሌለ ጣጣ አመጡ፦ ብርሃን ለመቆጠብ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓትን ማዛወር። አሜሪካ በመጋቢት ሁለተኛ እሑድ ሰዓቱ ከ2 ወደ 3 ይዘላል፤ በዚያ ሌሊት 2፡30 የሚባል ሰዓት የለም። በኅዳር መጀመሪያ እሑድ ደግሞ ከ2 ወደ 1 ይመለሳልና 1፡30 ሁለት ጊዜ ይመጣል። (ሰዓቱም ወሩም የእነሱ ነው፤ የመጋቢቱ ማርች፣ የኅዳሩ ኖቬምበር።) የቁጥር 13 የሒሳብ ማጠቃለያ በዚያች በሌለችው ሰዓት ላይ ተቀጥሮ ነበርና አንድ ሌሊት ቀረ። ቁጥር 14 በእስራኤል መግቢያው ዓርብ፣ መውጫው እሑድ መሆኑን ጠቅሳ፣ ሳምንቱ እሑድ የሚጀምር አገር ላይ የሰንበት ማግሥት ሥራ ሁለት ጊዜ ሲነሣ ምን እንደሚመስል በሁለት መስመር ነገረችን። ምክራቸው አንድ ነው፦ ሥራን ከሌሊቱ 1 እስከ 3 በፈረንጅ ሰዓት መሐል አትቅጠሩ፤ ካልሆነም በዩቲሲ ቅጠሩ።

ቁጥር 15 በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሌሎቹ ጋሼ ይሏቸዋል። ክሮን በ1979 እ.ኤ.አ. በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ ሥሪት ውስጥ እንደነበረ፣ ብዙዎቻችን የለመድነው ግን ፖል ቪክሲ በ1987 የጻፈው ዝርያ እንደሆነ አስታወሱን። ከዚያ ቁጥር 16 በወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ለሚነሣ ሥራ 0 9 1-7 * 1 ብሎ መጻፍ እንደሚበቃ ሲናገር፣ ጋሼ ተመልሰው በፈገግታ አረሙት። የወሩ ቀንም የሳምንቱ ቀንም በአንድ መስመር ከተገደቡ ክሮን ሁለቱ እስኪገጥሙ አይጠብቅም፤ አንዱ ከገጠመ ይነሣል። የቁጥር 16 ሥራ ከ1 እስከ 7 በየቀኑ፣ በተረፈም በየሰኞው ይነሣል ማለት ነው። ቁጥር 16 ይህ መስመር ሁለት ዓመት በሥራ ላይ እንደነበረ በኀፍረት ነገረን።

ቁጥር 17 እጄን ይዞ ጠየቀኝ፦ ስንት ሰው ሆናችሁ ነው ሰባት ሰርቪስ የምታንቀሳቅሱት? አራት ነን። ከዚያ በኋላ የጻፈውን በጨዋ ቋንቋ ላሳጥረው፦ አራት ሰው ሰባት ሰርቪስ ከከፈተ የሚያስተዳድረው ሲስተም ሳይሆን ችግር ነው፤ ፋሽን ተከትላችሁ ቤታችሁን ሰባት ክፍል ካደረጋችሁ በኋላ መብራት ማን ያጥፋ ብላችሁ ጎረቤት ትጠይቃላችሁ። ቁጥር 18 አጨበጨበለት። ቁጥር 19 ብድርና ክፍያ ተለይተው መቆማቸው ለቁጥጥር አካል ሪፖርት እንዴት እንደሚጠቅም በትዕግሥት አስረዳ። ቁጥር 20 ስለ ቁጥር 17 አስተዳደግ የሆነ ነገር ጽፎ ነበር፤ አወያዩ አጥፍቶታል። እኔ ቁጥር 17ን አልመለስኩለትም። ግማሹ እውነት ነው፤ ሰባቱ አራት ቢሆኑ ሌሊት እንተኛ ነበር። ግን አክስቴ ፊት ቆሜ ሥነ ሕንጻችንን ማፍረስ አልችልም።

ቁጥር 21 ቁልፉን ሬዲስ (ፈጣን የዳታ ማከማቻ) ላይ ማኖርን መከረ፤ ፈጣን ነው፣ ዕድሜው ካለቀ በራሱ ይጠፋል። ቁጥር 22 በ2016 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር ሲስተም ተመራማሪው ማርቲን ክሌፕማን ሬድሎክ የሚባለውን የሬዲስ ቁልፍ አሠራር እንዴት እንደተቸ፣ የሬዲስ ፈጣሪ ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖም እንዴት እንደተከራከረው አነሣ። ፍሬ ነገሩ ከቁጥር 4 ታሪክ ጋር አንድ ነው፦ ቁልፍ የያዘ ፕሮግራም መሐል ላይ ማንቀላፋት ይችላል። ሲነቃ ቁልፉ እጁ ላይ ያለ ይመስለዋል፤ ግን ዕድሜው አልቆ ሌላ ሰው ይዞታል። ክሌፕማን ያቀረበው መፍትሔ ከቁልፉ ጋር እየጨመረ የሚሄድ የተራ ቁጥር መስጠትና፣ የሚጻፍበት ቦታ ከአዲሱ ቁጥር በኋላ የአሮጌውን እንዳይቀበል ማድረግ ነው። ሸጋ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን የእኔ ሥራ የሚጽፈው ዳታቤዝ ላይ ብቻ አይደለም፣ የአክስቴ ስልክ ላይ ነው። የቴሌኮም መግቢያው የተራ ቁጥር አይጠይቅም። የወጣ መልእክት እንደ ወጣ ቃል ነው።

ቁጥር 23 ስትመጣ የክሩ አቅጣጫ ተቀየረ። በክፍያ ሥርዓት ላይ የምትሠራ ሴት ናት፤ ከ22 ሰው በኋላ ጥያቄዬ ራሱ የተጣመመ መሆኑን የነገረችኝ እሷ ናት። ማን ይቀስቅሰው የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው አለች፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሁለት ጊዜ ቢቀሰቀስ ምን ይሆናል፣ ሳይቀሰቀስ ቢቀርስ ማን ያውቃል የሚለው ነው። ቁልፍ ድግግሞሽን ያሳንሳል እንጂ አያጠፋም። የሚያጠፋው መዝገብ ነው። ሠንጠረዡን ሳይቀር ሠርታ አሳየችን፦ የብድሩ ቁጥር፣ የመክፈያው ቀን፣ የመልእክቱ ዓይነት፤ ሦስቱ አንድ ላይ ድግግሞሽ የማይቀበል ገደብ ይደረግባቸዋል። ማንኛውም ቅጂ ከመላኩ በፊት እዚያ ላይ አንድ ረድፍ ለማስገባት ይሞክራል። ዳታቤዙ ከተቀበለው ይልካል፤ ከመለሰው ሌላ ሰው ቀድሞታል ማለት ነውና ዝም ብሎ ያልፋል። ሦስት ቅጂ ቢነቃ፣ ክሮንጆብ ሁለቴ ቢነሣ፣ ደንግጦ አንድ ሰው በእጁ ቢያስነሣው እንኳ የአክስቴ ስልክ አንዴ ነው የሚጮኸው። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ቀን ግን ሥራው የነቃበት ሳይሆን ዕዳው የሚከፈልበት ቀን መሆን አለበት፤ ከእኩለ ሌሊት ወዲያና ወዲህ የነቁ ሁለት ቅጂዎች በነቁበት ቀን ከጻፉ ሁለት የተለያየ ረድፍ ያስገባሉና። ይህቺን ሌላ ማንም አላነሣትም።

ቁጥር 24 ቀዳዳ ፈልጎ አገኘ፦ ረድፉ ገብቶ መልእክቱ ሳይወጣ ኮንቴይነሩ ቢሞትስ? ያ ሰው ጨርሶ ሳይነገረው ይቀራል። ረድፉን ከላኩ በኋላ ብናስገባው ደግሞ ሁለት ጊዜ መላክ ይመጣል። ቁጥር 25 ራሷ ቁጥር 23 ናት። ሁለቱንም ማምለጥ እንደማይቻል ሳታቅማማ አመነች፤ የትኛው ስሕተት እንደሚቀል ሥራው ይወስናል። ለማስታወሻ መልእክት እሷ የምትመርጠው መጀመሪያ መመዝገብ ነው፤ ረድፉ ሊላክ ነው በሚል ምልክት ይገባል፣ ሲላክ ተልኳል ይባላል። ከአሥር ደቂቃ በላይ ሊላክ ነው ላይ የቀረ ረድፍ ካለ ማሽን አይነካውም፤ ሰው አይቶ ይወስናል። ከሒሳብ ገንዘብ የሚቀንስ ሥራ ከሆነ ግን ቅነሳውና የመዝገቡ ረድፍ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ መሆን አለባቸው፤ ወይ ሁለቱም ይሆናሉ ወይ አንዱም አይሆንም። ቁጥር 24 አንድ የአክብሮት ቃል ብቻ ጽፎ ወጣ።

ቁጥር 26 የጥያቄዋን ሁለተኛ ግማሽ ወሰደ፦ ሳይነሣ ስለሚቀር ሥራ። እሱ ሐዋሳ ነው፤ ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ ነው፣ መብራት ይጠፋል። ክሮን ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ያለፈችውን ሰዓት አያስታውስም፤ ማሽኑ ሲነሣ ምንም እንዳልሆነ ወደ ነገ ያያል። በሲስተምዲ ታይመር (በሊኑክስ ውስጥ ባለ ሌላ ሰዓት ጠባቂ) ቀይሮ ፐርሲስተንት የሚለውን መስመር ሲጽፍበት፣ ያመለጠው ዙር መብራት ሲመጣ ይነሣል። ከዚህ ሌላ ሥራው በጨረሰ ቁጥር ወደ ሌላ ቦታ ጨርሻለሁ የሚል ምልክት ይልካል፤ ምልክቱ በተባለው ሰዓት ካልመጣ ስልኩ ይጮኻል። የወደቀ ሥራ ይጮኻል፤ ያልተነሣ ሥራ አፍ ስለሌለው የሚጮኽለት ሰው ይፈልጋል። የቁጥር 8 የአራት ቀን ባዶ ዓምድ ይህ ቢኖር በመጀመሪያው ጠዋት ይታይ ነበር።

ቁጥር 27 ማዕከላዊ ሰዓት ጠባቂ አቁመው ሰርቪሶቹን በኤችቲቲፒ (በድር የጥያቄና መልስ ሥርዓት) ይጠራ እንደነበር ተረከ። ሥራው 40 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰዓት ጠባቂው ግን 60 ሰከንድ ጠብቆ ተስፋ ይቆርጣል፣ ያልተሳካ መስሎት ደግሞ ይጠራል። ሦስት ጊዜ ደግሞ ከጠራ አንድ ሥራ አራት ሆኖ ይሮጣል። ቁጥር 28 ሰርቪሱ ወዲያው 202 የሚለውን የኤችቲቲፒ ኮድ መልሶ፣ ተቀብያለሁ ብሎ ሥራውን በራሱ ጊዜ እንዲሠራ ይላል፤ ከዚያ የሚሻለው ደግሞ ሰዓት ጠባቂው ማንንም ሳይጠራ ሰዓቱ ደርሷል የሚል አንድ መልእክት ሰርቪሶቹ በየተራ በሚያነሡት ወረፋ ላይ አስቀምጦ መሄዱ ነው። ሥራው የማን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ ሰዓት ጠባቂው ማወቅ የለበትም። ደወል ደዋይ ቅዳሴውን አይቀድስም፤ ይህ ምሳሌ የእኔ ነው።

29ኛው መልስ የራሴ ነው። የቁጥር 23ን ሠንጠረዥ ሠራን። የማሳወቂያ ሰርቪሱን ወደ ሦስት ቅጂ መለስነው። ስኬጁልድ የምትለዋን ምልክት አወጣንና ክሮንጆብ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወረፋው ላይ አንዲት መልእክት እንዲጥል አደረግን፤ ለእሱም የቁጥር 8ን ገደብ ሰጠነው። ለፈተና ክሮንጆቡን በእጄ አምስት ጊዜ አከታትዬ አስነሣሁት፤ ከመጀመሪያው በቀር አራቱ መዝገቡ ላይ ተጋጭተው ተመለሱ። ሼድሎክን አላስገባንም፤ አሁን ላይ ሌላ የሚጠበቅ ነገር መጨመር አላስፈለገኝም። ቁጥር 3 ቅር እንዳላለው ጻፈልኝ፤ በመልስነት አልቆጠርኩትም።

ክሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ቁጥር 30 ስለ ወር መጨረሻ ጠየቀ፤ የመጣው ግን ሊጠይቅ ሳይሆን ሊናዘዝ ነው። እነሱ ጋ የአገልግሎት ክፍያ የሚቆረጠው በኢትዮጵያ ወር 30ኛ ቀን ነው። ክሮን የሚያውቀው የፈረንጁን ወር ብቻ ስለሆነ 12 መስመር ጻፉ፦ ለመስከረም 30 ኦክቶበር 10፣ ለጥቅምት 30 ኖቬምበር 9፣ እያለ ይሄዳል። 2015 ዓ.ም. ግን ጳጉሜ 6 ነበረች፤ የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። ከመስከረም እስከ ጥር አምስት ወር ሙሉ ሥራው በ29ኛው ቀን ተነሣ። የካቲት ላይ የፈረንጁ 29 ቀን መጥቶ አስተካከለውና ችግሩ ማንም ሳይነካው ዳነ፤ ምክንያቱን ያወቁት ከዓመት በኋላ ነው። አሁን ሥራው በየቀኑ ይነቃል፣ የኢትዮጵያን ቀን ራሱ ያሰላል፣ 30 ካልሆነ ተመልሶ ይተኛል። 12ቱን መስመሮች ባያጠፉ ኖሮ በ2020 ዓ.ም. ይደገም ነበር።

ቁጥር 31 አንድ መስመር ብቻ ነው፦ የእኔ መዝገብ የመክፈያ ቀንን ከያዘ፣ ጳጉሜን ምን እንዳደረግኩት ጠየቀኝ።

ምንም አላደረግኩትም ልል እጄን ዘርግቼ ቆምኩና ኮዱን ከፈትኩት። የድሮው ፕሮግራም ቀኑን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነበር። በጥቅምት ስንከፋፍለው ተበዳሪው በሚያውቀው ቀን ይሁን ብለን በኢትዮጵያ አደረግነው፤ ስለዚህ አዲሱ ኮድ ነሐሴን ገና አላየም። የሚቀጥለውን የመክፈያ ቀን የሚያሰላው ወሩ ላይ አንድ በመጨመር ነው። ከ13 ካለፈ ወደ 1 ይመልሰዋል፤ እስከዚህ አስበናል። ቀኑን ግን እንዳለ ይተወዋል። የማስታወሻው ሥራ ደግሞ በየጠዋቱ የሚፈልገው የመክፈያ ቀኑ ዛሬ የሆነውን ብድር ነው።

የአክስቴ የመክፈያ ቀን በየወሩ 12 ነው። ከነሐሴ 12 ቀጥሎ ኮዱ የሰጣት ቀን ጳጉሜ 12 ይላል።